መጀመሪያ መንገዱን፣ ከዚያ ጫማውን

ደብረ ታቦር ላይ «ሩጫ ልጀምር ነው» ያለ ሰው ስለ ሩጫው ሳይሆን ስለ ጫማው የምክር ዶፍ ይወርድበታል። አንዱ «ኦርጅናል ካልሆነ ጉልበትህን ይጨርሰዋል» ይለዋል። ሌላው «አበበ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው? ሸራ ጫማ መች አነሰህ» ብሎ ይስቃል። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ ሰሞኑን ማራቶን ያሸነፈችውን አትሌት ጫማ ያሳየዋል። እያንዳንዱ ምክር ትንሽ እውነት አለው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ግን «የምትሮጠው የት ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገርና ምክንያቱን ወደ ኋላ ላምጣ። ለጀማሪ ከማርካው ይልቅ ልኩ ይበልጣል፤ ከዋጋውም ይልቅ የሚሮጥበት መሬት። ይህ በየትኛውም አገር ሊባል ይችላል፤ በደቡብ ጎንደር ደጋ ግን ነገሩ ይብሳል።

ደብረ ታቦር ከባህር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ጉና ጎረቤቷ ነው፤ ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። መንገዱም ወደ ምዕራብ በአመድ በርና በዓለም በር አድርጎ ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርድና ወረታ ላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ይህን ያህል ቁልቁለት ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከዚህ አንሥተው መቅደላ ለማድረስ ከ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ መጋቢት ድረስ መንገድ እያስጠረጉ መክረማቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ «ሜዳ ሜዳውን እሮጣለሁ» የሚል ጀማሪ ሜዳ ፍለጋ ብዙ መሄድ አለበት።

በዚህ ከፍታ አየሩም ሳሳ ያለ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የአገሩ ልጅ የለመደው ቢሆንም፣ ዓመታት ቢሮ ተቀምጦ የከረመ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ልቡ እየመታ፣ ግማሹን በእርምጃ ግማሹን በዱብ ዱብ ማለፉ አይቀርም። ይህን የማነሣው ከጫማ ጋር ስለሚገናኝ ነው። በዝግታ የሚሮጥ፣ ብዙ የሚራመድ ሰው የሚፈልገው ጫማ በማራቶን መጨረሻ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሚበር ሰው ጫማ ጋር አንድ ሊሆን አይችልም።

ነገር ግን ጫማ በተነሣ ቁጥር አበበ ቢቂላ መነሣቱ የግድ ነው፤ እንግዲህ ከእሱ እንጀምር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ከሰሜን ሸዋ የተገኘው የክቡር ዘበኛ ወታደር የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ይህን የማያውቅ የለም። የሚረሳው ግን ከፊቱና ከኋላው ያለው ነው። አበበ ጫማ የተወው በጫማ ላይ አቋም ይዞ አልነበረም፤ እዚያ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸውና በባዶ እግሩም መለማመድ ስለለመደ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ ላይ ሲሮጥ ፑማ ጫማ አድርጎ ነበር። ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ገና 40 ቀን ገደማ ነው፤ ሆኖም ከሮሙ በሦስት ደቂቃ የፈጠነ ሰዓት አስመዘገበ። አበበን ለባዶ እግር ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው የሮምን ገጽ አንብቦ የቶኪዮን የዘለለ ነው።

ያም ሆኖ የሮሙ ምስል ዓለምን ሲያስጎመጅ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የክሪስቶፈር ማክዱጋል «ቦርን ቱ ረን» ከታተመ በኋላ በምዕራቡ ዓለም ባዶ እግር መሮጥ ፋሽን ሆነ። ቪብራም የተባለው የጣሊያን ኩባንያም ጣት ጣቱ የተለየ ስስ ጫማ ሠርቶ አንዱን ሞዴል «ቢቂላ» አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያው ጫማው ጤና ይሰጣል ብሎ ባስተዋወቀው ነገር የተነሣበትን ክስ 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ዘጋ። በዓመቱ ደግሞ የአበበ ቤተሰቦች ስሙን ያለ ፈቃዳችን ተጠቅሟል ብለው አሜሪካ ውስጥ ከሰሱት። ባዶ እግርም መልሶ በጫማ ዋጋ ተሸጠ ማለት ነው።

በእኛ ደጋ የባዶ እግር ነገር ሌላ፣ የሚያም ገጽታ አለው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በበዛበት ከፍታ ለዓመታት በባዶ እግሩ የኖረ ሰው ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በእግር ቆዳ ይገባና የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስበትን ሥር እያቆሰለ እግሩ ያብጣል። እርግማን አይደለም፤ ተላላፊም አይደለም። መከላከያው እግርን ታጥቦ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር የለውም። ሜዳ ላይ ሣር ረግጦ ለአሥር ደቂቃ በባዶ እግር ዱብ ዱብ ያለ ሰው በዚህ አይያዝም፣ መፍራትም የለበትም። ገበሬው ልጁን ጫማ ለማልበስ በሚታገልበት አገር «ባዶ እግር ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው የውጭ ፋሽን ግን ሲሰሙት ጆሮ ይቧጥጣል።

ከባዶ እግር ተቃራኒ ጫፍ ደግሞ አዲሶቹ ወፍራም ጫማዎች አሉ። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል እግሯ ላይ የነበረው የአዲዳስ ጫማ አንዱ 138 ግራም ይመዝን ነበር። ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ ኩባንያው ራሱ ለአንድ ማራቶንና ለመለማመጃ ያህል ብቻ እንደሚሆን ተናግሯል። እንዲህ ዓይነቱ ጫማ ሶሉ ወፍራም፣ ስፖንጁ ቀላልና መላሽ፣ መሃሉ ላይ ጠንካራ የካርበን ንጣፍ ያለበት ነው። ጉልበት ይቆጥባል፤ የመጀመሪያዎቹ የናይኪ ጫማዎች በላብራቶሪ ሲለኩ ቁጠባው በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ውፍረቱ ገደብ ስላስፈለገውም የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ሩጫ ከ4 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ የጨረሰው ደራራ ሁሪሳ ሶሉ 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉን ተነጥቋል። አንድ ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ማራቶን አስነጠቀው።

ለጀማሪ ይህ ሁሉ ዜና እንጂ ምክር አይደለም። ከፍ ያለው ሶል ለስላሳ አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ ለሚሮጥ የተሠራ ነው። ከተማችን ውስጥ ባለ ኮብልስቶን ላይ፣ ወይም ድንጋዩ ከእግር በታች በሚንከባለልበት ኮረኮንች ላይ ቁርጭምጭሚት ያወላግዳል። ኮፒውማ ይብሳል፤ ቁመቱን ይዞ ስፖንጁን አልያዘም።

አሁን ወደ መካከሉ፣ የጫማ ሻጮች ለአርባ ዓመት ወዳስተማሩት እንምጣ። እግርህን ውሃ ነክረህ ወረቀት ላይ አትም፤ ሙሉ እግር ከታተመ ጠፍጣፋ እግር ነህ፣ እግርህ ወደ ውስጥ ይዘማል፣ ደጋፊ ያለው ጫማ ግዛ፤ መሃሉ ጎድጎድ ካለ ለስላሳ ጫማ ግዛ። ሲሰሙት ሳይንስ ይመስላል። የአሜሪካ ጦር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በታተሙ ጥናቶች በምድር ጦር፣ በአየር ኃይልና በባህር ወለድ ምልምሎች ላይ ሞከረው። ግማሾቹ በእግራቸው ቅርጽ የተመረጠ ጫማ፣ ግማሾቹ ቅርጻቸው ምንም ይሁን ምን አንድ ዓይነት ጫማ ተሰጣቸው። የጉዳቱ መጠን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ቀጥሎም ዴንማርክ ውስጥ 927 ሰዎች፣ እንደ እኛ ሰው ገና ሩጫ የሚጀምሩ፣ አንድ ዓይነት ተራ ጫማ ተሰጥቷቸው ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። እግራቸው ወደ ውስጥ የሚዘመው ከሌሎቹ የበለጠ አልተጎዱም።

ስፖንጁስ? እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የሉክሰምበርግ ጥናት ለ848 ሯጮች ላዩ አንድ የሚመስል፣ የሶሉ ልስላሴ ግን የተለያየ ጫማ አከፋፈለ። በስድስት ወር ውስጥ ጠንካራውን ያደረጉት የመጎዳት ዕድላቸው በ52 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ «ጫማ ጫማ ነው» ማለትም አያዋጣም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 12 ጥናቶችን፣ ከ11,000 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ ሲመዝን የትኛውም ዓይነት ጫማ ከሌላው ይልቅ ጉዳት እንደሚቀንስ በርግጠኝነት ለመናገር የሚያስችል ማስረጃ አላገኘም። በካናዳ የሠራው የባዮሜካኒክስ ሊቅ ቤኖ ኒግና ባልደረቦቹ በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መካከል ያመጡት ሐሳብ ቀላል ነው፤ እግር የሚመቸውን ራሱ ያውቃል፣ በምቾት ምረጡ። ይህም ቢሆን ገና በደንብ የተፈተነ አይደለም። ያም ሆኖ ምቾትን መፈተን ገንዘብ ስለማያስወጣ፣ ከቀረቡት ምክሮች ሁሉ እኔ የምይዘው ይህን ነው።

እነዚህን ጥናቶች ወደ እኛ ስናመጣ ግን አንድ ነገር መጨመር አለበት። የተሠሩት ከልጅነታቸው ጀምሮ በጫማ ባደጉ እግሮች ላይ ነው። በልጅነቱ ባዶ እግሩን ከብት የጠበቀ፣ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ሰው የፊት እግሩ ሰፊ ነው፤ ጣቶቹ ተበታትነው ይረግጣሉ። ህንድ ውስጥ በባዶ እግራቸው የኖሩ ሰዎችን እግር ከቤልጅየሞች ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎችም ይህንኑ አይተዋል። ስለዚህ የፋርጣ ወይም የጋይንት ልጅ ቁጥር 42 ጫማ ርዝመቱ ልክ ሆኖ ትንሿ ጣቱን ቢፈጭበት ጥፋቱ የእግሩ አይደለም፤ ጫማው ለጠባብ እግር ተሠርቶ ነው። መፍትሔውም ቁጥር ከፍ አድርጎ ተረከዙ እየወለቀ መሮጥ ሳይሆን ፊቱ ሰፋ ያለ ሌላ ሞዴል መፈለግ ነው። ተረከዙ የሚወልቅ ጫማ ምን እንደሚያደርግ እቴነሽ ዲሮ ታውቃለች። በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ በ3,000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ከሌሎች ጋር ተጋጭታ ጫማዋ ሲወልቅ መልሳ ልታጠልቀው ሞክራ፣ እምቢ ሲላት ጥላው ቀሪውን በአንድ ባዶ እግር ጨርሳለች። እሷ በይግባኝ ለፍጻሜ አልፋለች፤ የእኛ ጀማሪ ጭቃ ውስጥ ጫማው ቢቀርበት ይግባኝ የሚልበት የለውም።

እንግዲህ ገበያ እንውጣ። እዚህ አካባቢ በ«ሩጫ ጫማ» ስም የሚገዛው አራት ዓይነት ነገር ነው ማለት ይቻላል። ሸራ ጫማ በርካሽ ይገኛል፣ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ሶሉ ግን ስስ ላስቲክ ስለሆነ ኮረኮንች ላይ እያንዳንዱን ጠጠር ያሳውቃል። ሣር ላይ ለሚሮጥ ቀጭን ልጅ በቂ ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈውና ኪሎ የጨመረ ሰው አስፋልት ላይ ባያደርገው ይሻላል። ታኬታ ለኳስ ነው፤ ጠንካራ መሬት ላይ ባትን ያሳምማል። ሦስተኛው አዲሱ ኮፒ ነው፤ አርማው የትልቁ ኩባንያ፣ ቀለሙ የሚያምር፣ ሶሉ ግን ደረቅ። አራተኛው ሰልባጁ፣ ውጭ አገር ተደርጎ የመጣ ኦርጅናል። አዲስ ኦርጅናል ባህር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሊገኝ ይችላል፤ ዋጋውን ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ አንድ ወር የሚቆይ ቁጥር መጻፍ አይቻልም። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ ከውጭ የሚገባው ጫማ ሁሉ ተከትሎት ሄዷል።

ከአዲስ ኮፒና ከደህና ሰልባጅ ምረጥ ከተባልኩ ሰልባጁን እመርጣለሁ። ችግሩ ደህናውን ከሞተው መለየት ነው፤ ሻጩ ላዩን አጥቦ፣ ክሩን ለውጦ ሁሉንም አንድ ያስመስለዋል። ስለዚህ ጫማውን ተቀብሎ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ ሣጥንም ይሁን ወንበር፣ ጥንዱን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥና ከኋላ ማየት ይገባል። አንዱ ወደ ጎን ካዘመመ የቀድሞ ባለቤቱ ረግጦ አጣምሞታል፤ ይመለስ። ቀጥ ካሉ በላስቲኩና በጨርቁ መካከል ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ነው። ደህናው ይሰምጥና ይመለሳል። የሞተው ወይ እንደ እንጨት እምቢ ይላል፣ ወይ ሰምጦ ይቀራል። ጎኑ ላይ አግድም የተደረደሩ ጥልቅ ሽብሽቦች ካሉ ስፖንጁ ተጨፍልቆ አልቋል። ከዚያ ጫማውን በሁለት እጅ ይዞ ማጠፍ። በጣቶቹ ሥር፣ እግር በሚታጠፍበት ቦታ መታጠፍ አለበት፤ መሃሉ ላይ የሚሰበር ከሆነ እግርም እዚያው ይሰበራል። ታች ሲገለበጥ ላስቲኩ ተረከዙ ላይ አልቆ ነጭ ስፖንጅ ከታየ ለሩጫ ጊዜው አልፏል። የውስጡ ፓድ ሲወጣ የጣት አሻራ ይታያል፤ የቀድሞው ሰው አውራ ጣት ጫፉን ነክቶ ከሆነ ጫማው እዚያ ቦታ ላይ ተወጥሯል። በመጨረሻ ጠርዙን ማየት ነው፤ ቢጫ ማስቲሽ ፈሶ ከደረቀ ጫማ ሰፊ ቀድሞ ጎብኝቶታል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ሲታይ ያልተነካ፣ ንጹሕ፣ ግን መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት የቆየ ጫማ። አንዳንድ ሶል ፖሊዩሬታን ከሚባል ነገር ይሠራል፤ ይህ እርጥበት እያገኘው ሲቆይ ይበሰብስና በሦስተኛው ቀን ሩጫ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። በአንዳንድ ማርካዎች ምላሱ ሥር የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ላይ የተሠራበት ጊዜ ይጻፋል፤ እሷን ማንበብ አይጎዳም። እዚያችው ጨርቅ ላይ ያለው የሳንቲ ሜትር ቁጥርም ከ«42» እና ከ«43» የበለጠ የሚታመን ነው፤ የአውሮፓው ቁጥር ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል።

ልኩን ቤት መውሰድ ይቻላል። ወረቀት መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ተረከዝን ግድግዳ አስጠግቶ ቆሞ ከረጅሙ ጣት ፊት ማስመር ነው። ሁለቱንም እግር፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ይበልጣል፣ የሚገዛውም ለትልቁ ነው። ከዚያ ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ትርፍ ያስፈልጋል። ይህ ትርፍ ቅንጦት የሚመስለው ሜዳ ላይ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ዓለም በር ቁልቁል አንድ ጊዜ የሮጠ ሰው እግሩ እንዴት ወደ ፊት እየተንሸራተተ የጫማውን አፍንጫ እንደሚመታ ያውቃል፤ በሳምንቱ ጥፍሩ ጠቁሮ ይወልቃል። ገበያ የሚኬደውም ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጠባል። ካልሲም ይዞ መሄድ ይገባል፤ ሻጩ ፌስታል አልብሶ እግር ሲያስገባ ሁሉም ጫማ ለስላሳ ነው። ካልሲው ሙሉ ጥጥ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ጥጥ ላብና ጤዛ ይዞ ይቆይና እግር ውሃ ይቋጥራል። ለክሩ ደግሞ ብዙ ሰው ሳይጠቀምበት የሚተወው የመጨረሻው ቀዳዳ አለ፤ በእሱ በኩል አሳልፎ ማሰር ተረከዙን ይይዛል፣ ቁልቁለት ላይ እግር እንዳይንሸራተት ያግዛል። ከዚያ ሱቁ ፊት ለፊት ወዲያና ወዲህ ዱብ ዱብ ማለት ነው። ሰው ያየኛል ብሎ የሚያፍር፣ ቤቱ ገብቶ የማይመች ጫማ ሲያይ ይኖራል።

ለሴት ጀማሪ ፍለጋው ይከብዳል። በትናንሽ ከተሞች ሱቆች የሩጫ ጫማ ሲያመጡ በአብዛኛው የወንድ ቁጥር ያመጣሉ፤ ቁጥር 37 እና 38 ከተገኘም የልጅ ጫማ ይሆናል። የሴት እግር በብዛት ተረከዙ ጠበብ ያለ ስለሆነ በወንድ ጫማ ውስጥ ይጫወታል። ሰልባጅ ውስጥ ግን ከውጭ የመጣ የሴት ጫማ አለ፤ ብዙ ጊዜ ደማቅ ቀለም ስላለው ወንዶቹ ትተውት ያልፋሉ፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። እዚህ ላይ ሴቶች ዕድለኞች ናቸው።

አሁን ወደ መሬቱ። እንግሊዛዊው የአንትሮፖሎጂ ሰው ማይክል ክራውሊ ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖሮ በጻፈው መጽሐፍ ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ ሯጮቻችን ልምምዳቸውን በመሬት ዓይነት መከፋፈላቸው ነው፤ የጫካ ቀን፣ የኮረኮንች ቀን፣ የአስፋልት ቀን። አስፋልት በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይነካል፣ እግር ያደርቃል ተብሎ ይፈራል። ሱሉልታና እንጦጦ ያለው ይህ ጥበብ ለደብረ ታቦር ጀማሪ በነጻ የቀረበ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ጀማሪ የሚሮጠው በተቃራኒው ነው፤ ከቤቱ ወጥቶ በኮብልስቶኑ ወርዶ ዋናውን የወረታ–ወልድያ አስፋልት ይይዛል፤ ለስላሳ ስለሆነ።

አስፋልቱን የመረጠ ሰው ስፖንጅ ያለው ጫማ ያስፈልገዋል፤ የታችኛው ላስቲክ ጥርስ ባይኖረውም ግድ የለም። ወደ ጋፋት ወይም ወደ ገጠሩ በሚወስደው ኮረኮንች የሚሮጥ ግን ስፖንጁ መካከለኛ፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ ላስቲኩ ጥርስ ያለው ጫማ ቢያደርግ ይሻላል፤ ጠጠሩ እንዳያሳምመው ፊት ለፊቱ ጠንከር ያለ ቢሆን መልካም ነው። በእርሻ ዳር ባለ የእግር መንገድና በሣር ላይ የሚሮጥ ሸራም ይዞ መሄድ ይችላል። ሁሉንም የሚነካ ሰው፣ አብዛኛው ጀማሪም ይኸው ነው፣ የኮረኮንቹን ጫማ ቢይዝ አስፋልቱንም ይወጣዋል፤ የአስፋልቱን ጫማ የያዘ ግን ኮረኮንች ላይ ይንሸራተታል። ኮብልስቶን ላይ በጠዋት ጤዛ መሮጥን በማንኛውም ጫማ አልመክርም፤ በእርምጃ ማለፍ ነው።

ክረምቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ የፎገራ ዋልካ ጫማን ይዞ ያስቀራል፣ የደጋው ቀይ ጭቃ ደግሞ ከሶሉ ላይ ተጣብቆ ግማሽ ኪሎ ይጨምራል። ጥርሱ የተራራቀ ላስቲክ ጭቃውን ይተፋል፤ ጥርሱ የተጠጋጋ ይሞላና ይንሸራተታል። የራሰ ጫማ ከሩጫ መልስ ምድጃ ዳር ሲቀመጥ ደግሞ የከፋ ጉዳት ይደርስበታል፤ ሙቀቱ ማስቲሹን ያላቅቃል፣ ስፖንጁን ያጠነክራል። ፓዱን አውጥቶ፣ ክሩን ፈትቶ፣ ውስጡን በጋዜጣ ጠቅጥቆ፣ ጋዜጣውን ማታና ጠዋት እየቀየሩ ነፋስ ባለበት ማድረቅ ነው። የጉና ብርድ ባለበት ይህ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ለጀማሪ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን መሮጥ ከበቂ በላይ ስለሆነ ቀኖቹ ይበቃሉ።

ጉዳት ብዙ ጊዜ ከጫማ አይመጣም፤ ከችኮላ ይመጣል። ቅልጥሙን ያመመው ጀማሪ ጫማውን ከመርገሙ በፊት ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት እንደጨመረ ይቁጠር። ቁልቁለት ደግሞ ከዳገት ይልቅ እግር ይጎዳል፤ ትንፋሽ ስለማያስቸግር ሰው ሳያውቀው ይበዛበታል።

ደህና ጫማ እንደ መሬቱና እንደ ሰውየው ክብደት ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ተብሎ ይገመታል፤ በኮረኮንች ላይ ወደ ታችኛው ቁጥር ይጠጋል። በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ይህ ከግማሽ ዓመት በላይ ነው። የተገነጠለ ላስቲክ ጫማ ሰፊ በማስቲሽና በክር ይመልሰዋል፤ የሞተ ስፖንጅ የሚመልስ ግን የለም፣ ላዩ አዲስ ቢመስልም። አሮጌው ሙሉ በሙሉ ሳይሞት አዲሱን ገዝቶ ሁለቱን ማፈራረቅም ብልህነት ነው። ሉክሰምበርግ ውስጥ 264 ሯጮችን ለ22 ሳምንታት የተከታተለ ጥናት ከአንድ በላይ ጫማ የሚያፈራርቁት የጉዳት ዕድላቸው በ39 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ሁለት ጥንድ በአንድ ጊዜ መግዛት ለማይቻለው ሰውም አሮጌው ለሣር፣ አዲሱ ለኮረኮንች ይሆናል፤ አሮጌው ከዚያም ሲያልፍ ለቅዳሜ ገበያና ለአጨዳ ገና ዓመት ያገለግላል።